ቁልፉ ማን ጋ ነው? የአለርጂ ድንገተኛ መርፌ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች

የተከበራችሁ የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የመድረሳ አስተማሪዎች፤ የምንነጋገረው ስለ አንድ መድኃኒትና ስለሚቀመጥበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ ኢፒነፍሪን ይባላል። አገር ቤት ያሉ ሐኪሞችና ነርሶች አድሬናሊን ይሉታል፤ ሁለቱም አንድ ነው። እዚህ አሜሪካ ብዙ ሰው የሚያውቀው ኢፒፔን በሚለው የንግድ ስም ነው። ጭን ላይ ሲጫኑት መርፌው ራሱ ወጥቶ የተመጠነውን መድኃኒት ይሰጣል። ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ፤ አውቪ-ኪው የሚባለው በድምፅ እየመራ ያስወጋል።

ሰውነት ለምግብ፣ ለንብ ንድፊያ ወይም ለመድኃኒት ከልክ በላይ ሲቆጣ የሚደርሰው ከባድ አለርጂ አናፊላክሲስ ይባላል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ጉሮሮ ያብጣል፣ የሳንባ ቧንቧዎች ይጠባሉ። ኢፒነፍሪን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ቤናድሪል የሚባለው የተለመደው የአለርጂ መድኃኒት ግን አይመልስም። ቤናድሪል ማሳከኩንና ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ ያበጠ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ ግፊትም አያነሳም፤ የሚውጡት ከሆነ ደግሞ መሥራት እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። «መጀመሪያ ቤናድሪል እንስጠውና እንየው» የሚለው ምክር በየቤቱ የተለመደ ነው፤ በአናፊላክሲስ ጊዜ ግን ሰው የሚሞተው በዚያ «እንየው» ውስጥ ነው።

ምክንያቱም ጊዜው አጭር ነው። በብሪታንያ በአናፊላክሲስ የሞቱ ሰዎችን መዝገብ አንድ በአንድ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ ልብ ወይም ትንፋሽ እስኪቆም ያለው መካከለኛ ጊዜ ምግብ ሲሆን 30 ደቂቃ፣ የንብና የተርብ ንድፊያ ሲሆን 15 ደቂቃ፣ በሐኪም እጅ የተሰጠ መድኃኒት ሲሆን 5 ደቂቃ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምናነሳቸውን ሕጎች ሁሉ የምንመዝነው በነዚህ ደቂቃዎች ነው፦ ይህ ደንብ መድኃኒቱን ወደ በሽተኛው ጭን ያቀርበዋል ወይስ ያርቀዋል?

አሜሪካ ውስጥ ለአናፊላክሲስ የሚሆን ኢፒነፍሪን ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ ማዘዣ ደግሞ እንደ ልማዱ የሚጻፈው በአንድ ሰው ስም ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። አለርጂ እንዳለበት ያላወቀ ሰው ማዘዣ አይኖረውም። ማሳቹሴትስ ውስጥ በትምህርት ቤቶች የተሰጡ የኢፒነፍሪን መርፌዎች ሲመዘገቡ፣ ከተወጉት አንድ አራተኛ ያህሉ አለርጂ እንዳለባቸው አስቀድሞ ያልታወቀ ነበር። የነዚህ ልጆች ስም የተጻፈበት መድኃኒት ነርሷ መሳቢያ ውስጥ አይገኝም። ሕግ አውጪዎች ያገኙት መፍትሔ ማዘዣው በሰው ስም ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ወይም በድርጅቱ ስም እንዲጻፍ መፍቀድ ነው። የማንም ያልሆነ፣ ለማንም የሚሆን መድኃኒት ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የፌዴራል ሕግ አስም ወይም ከባድ አለርጂ ያለባቸው ተማሪዎች የራሳቸውን መድኃኒት ይዘው እንዲንቀሳቀሱ ለሚፈቅዱ ስቴቶች የድጎማ ቅድሚያ ሰጠ። በጃንዋሪ 2012 ቨርጂኒያ፣ ቼስተርፊልድ ካውንቲ ውስጥ አንዲት የ7 ዓመት ተማሪ ትምህርት ቤት ሳለች ኦቾሎኒ አስቆጥቷት ሞተች። በዚያው ዓመት ቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ኢፒነፍሪን እንዲያስቀምጡ ግዴታ ጣለች። ፕሬዚዳንት ኦባማ ኖቬምበር 13 ቀን 2013 የፈረሙት የፌዴራል ሕግ ግን ማንንም አያስገድድም። መድኃኒቱን የሚያስቀምጡ፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥኑና የሚወጋውን ሰው ከክስ የሚጠብቁ ስቴቶች ለአስም በሚሰጥ የፌዴራል ገንዘብ ቅድሚያ ያገኛሉ ይላል፤ ያ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምራ ግዴታ አድርጋዋለች። ሌሎች ስቴቶች «ይችላሉ» ብለው ትተውታል። ልጃችሁ የሚማርበት ስቴት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከትምህርት ቤቱ ነርስ በአንድ ጥያቄ ይታወቃል።

የእኛ ማኅበረሰብ ላይ በተለይ የሚደርስ አንድ ክፍተት አለ። ቅዳሜና እሑድ አማርኛ የምናስተምረው ብዙ ጊዜ በተከራየነው የትምህርት ቤት ክፍል ነው። ሕንፃው የታወቀ ትምህርት ቤት ስለሆነ መድኃኒቱም አለ ብለን እንረጋጋለን። መድኃኒቱ አለ፤ ያለው ግን ቅዳሜ በተቆለፈው የነርሷ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ነርሷም ቤቷ ናት። የትምህርት ቤቱ ግዴታ ለትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በትምህርት ሰዓት የተደነገገ እንጂ ለተከራይ አይደለም። ስለዚህ ተከራዩ ድርጅት የራሱን ያምጣ። የልጁ ወላጅም ልጁ የታዘዘለትን ሁለት መርፌ ቦርሳው ውስጥ አድርጎ ይላክ፤ የትምህርት ቤቱ መድኃኒት የልጁን አይተካም።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን እንመልከት። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ሕግ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምግብ ቤቶችን፣ የልጆች የመዝናኛ ካምፖችን፣ የወጣት ስፖርት ሊጎችን፣ የመዝናኛ ፓርኮችንና ስታዲየሞችን በስም ጠርቶ በድርጅታቸው ስም መድኃኒቱን ገዝተው እንዲያስቀምጡ ይፈቅድላቸዋል። በሌሎች ስቴቶች የወጡት ሕጎችም ቃላቸው ይለያይ እንጂ አጥንታቸው ተመሳሳይ ነው። ሐኪም ለድርጅቱ ማዘዣ መጻፍ ይችላል፣ ፋርማሲም በዚያ ይሸጣል። ድርጅቱ የሠለጠነ ሰው ይኖረዋል። የሠለጠነው ሰው አናፊላክሲስ ነው ብሎ በቅን ልቦና ያመነበትን ማንኛውንም ሰው፣ ማዘዣ ኖረው አልኖረው፣ ከዚህ በፊት ታሞ ያውቅ አያውቅ፣ መውጋት ይችላል፤ ወይም መሣሪያውን ለበሽተኛው ወይም ለልጁ ወላጅ መስጠት ይችላል። የሚወጋው፣ ያዘዘው ሐኪም፣ የሸጠው ፋርማሲና ያሠለጠነው ድርጅት ሆን ብለው ካልጎዱ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልፈጸሙ በገንዘብ ካሳ አይጠየቁም። የፍሎሪዳው ሕግ ተጨማሪ መንገድም አለው፦ መሣሪያው በተቆለፈ ሳጥን ሆኖ ሐኪም በርቀት ሲፈቅድ ብቻ የሚከፈትበት። በወረቀት ላይ ብልህ ይመስላል። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ስልክ ደውሎ ፈቃድ መጠየቅ ግን ከደቂቃዎቹ ላይ መቁረጥ ነው፤ የሠለጠነ ሰው ማኖር የሚችል ድርጅት ይህን መንገድ ባይመርጥ ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የመረዳጃ ማኅበር አዳራሽ በዚህ ይካተታሉ? መልሱ ያለው የስቴቱ ሕግ «የተፈቀደለት ድርጅት» ብሎ በሚተረጉምበት አንቀጽ ነው። አንዳንዱ ስቴት እንደ ፍሎሪዳ ይዘረዝራል፤ ሌላው አለርጂ የሚያስነሳ ነገር ሊኖርበት የሚችል ማንኛውም ድርጅት ይላል፤ በዚህኛው አዳራሻችን ያለ ጥርጥር ይገባል። አንቀጹን አንብቡ፣ ወይም የስቴቱን ጤና ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ፋይል ውስጥ አኑሩት። መድኃኒቱን የሚያዝላችሁ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

እንግሊዞች ነገሩን በሌላ በኩል ይዘውታል። እ.ኤ.አ. የ2012 የመድኃኒት ደንባቸው ሕይወት ለማዳን በድንገተኛ ጊዜ ማንም ሰው አድሬናሊን ጡንቻ ላይ እንዲወጋ ይፈቅዳል፤ የሥልጠና ምስክር ወረቀት አይጠይቅም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2017 ጀምሮም ትምህርት ቤቶች ያለ ማዘዣ ይገዛሉ። ካናዳ ውስጥ ፋርማሲስቱን አነጋግሮ ማንም ያለ ማዘዣ ይገዛል። በእኛ ግምት የአሜሪካው ሕግ ብዙ ቦታዎችን ለማዳረስ ሰፊ ነው፤ ማዘዣውን ግን አሁንም አልለቀቀም፤ የብዙ ድርጅቶች ሥራ የሚቆመውም እዚያው ነው።

እንዴት እንደሚቆም እንናገር። ሐኪሙ ማዘዣውን በማኅበሩ ስም ይጽፋል። የፋርማሲው ኮምፒውተር የበሽተኛውን የትውልድ ቀን ይጠይቃል፤ ማኅበር የትውልድ ቀን የለውም። ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው ሕጉን ካላወቀ «አይቻልም» ብሎ ይመልሳችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ዋና ፋርማሲስቱን አነጋግሩ፣ የሕጉን ቁጥር ማዘዣው ላይ አጽፉ። ቀጥሎ ክፍያ አለ። የጤና ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለሰው እንጂ ለድርጅት ስላልሆነ ከኪስ ነው የሚወጣው። የሁለት ኢፒፔን ማሸጊያ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ600 ዶላር አልፎ ኮንግረስን ያስቆጣበት ጊዜ ነበር፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ያንኑ መሣሪያ ያለ ንግድ ስሙ በ300 ዶላር አወጣ። ስለዚህ ሐኪሙ «ኢፒፔን» ብሎ ሳይሆን «ኢፒነፍሪን አውቶ-ኢንጀክተር፣ በጀነሪክ መተካት ይቻላል» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። በአንዲት ቃል ምክንያት ሁለት እጥፍ አትክፈሉ።

ስንት ይገዛ? መጠኑ በክብደት ነው። 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው 0.3 ሚሊግራም፣ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ያለ ልጅ 0.15 ሚሊግራም ይወስዳል። ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች 25 ኪሎ የሞላውን ልጅ ወደ 0.3 ያሻግሩታል፤ መጠኑ አንሶ ከሚቀር ትንሽ ቢበልጥ ይሻላልና። ከ7.5 እስከ 15 ኪሎ ላሉ ሕፃናት 0.1 ሚሊግራም የያዘ አውቪ-ኪው አለ። ልጆችና አዋቂዎች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ቢያንስ ሁለት ባለ 0.3 እና ሁለት ባለ 0.15 ያስፈልገዋል። ሁለት ሁለት የሚባለው ለጌጥ አይደለም፤ አንዳንዱ በሽተኛ በመጀመሪያው መርፌ አይመለስም፣ አንዳንዱን መርፌ ደግሞ የደነገጠ ሰው ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ቁልፉ። ብዙ ድርጅት መድኃኒት ገዝቶ ሲያበቃ «እንዳይጠፋ» ብሎ ይቆልፍበታል። ቁልፉ ከገንዘብ ያዡ ኪስ ይገባል፣ ገንዘብ ያዡ ደግሞ ያን ቀን ክርስትና ተጠርቷል። ኢፒነፍሪን ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት አይደለም፤ ማንም ሰርቆ የሚሸጠው ነገር አይደለም። ቦታው እንደ እሳት ማጥፊያ ነው፦ ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ስፍራ፣ የልብ ማነቃቂያ ማሽን ካላችሁ ከጎኑ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎበት። ልጅ እንዳይነካው ከተሰጋ ሲከፈት የሚጮህ ሳጥን ይገዛል። ምግብ ከሚበላበት ጠረጴዛ ተነስቶ መርፌውን ይዞ እስኪመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አዳራሹ በሰው በተሞላበት ቀን በሰዓት ለኩት፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተለካ አይቆጠርም።

ሙቀቱም ይታሰብ። መርፌው የሚቀመጠው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ከ15 እስከ 30 ቢሆን ይታገሣል። ኩሽና ውስጥ ከምድጃው በላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ አይሆንም። ፍሪጅ መሣሪያውን ሊያበላሸው ይችላል። የበጋ መኪና ደግሞ መድኃኒቱን ያደክመዋል። መሣሪያው ላይ ባለችው መስኮት ፈሳሹን በየወሩ ተመልከቱ፤ ቡናማ ከሆነ ወይም ብናኝ ከታየበት ይለወጥ። ጊዜው የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ ከ12 እስከ 18 ወር ውስጥ ስለሆነ፣ ፋርማሲው ሲሰጣችሁ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን አይታችሁ ረጅም የቀረውን ጠይቁ። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው በስም ይመደብ። «ኮሚቴው» ከተባለ ማንም አያየውም።

ሥልጠናው ረጅም አይደለም። የአሜሪካ ቀይ መስቀልና የአሜሪካ የልብ ማኅበር ይሰጡታል፣ በብዙ ስቴቶችም ተቀባይነት አለው። በየፕሮግራሙ ሁለት ሰው እንዲገኝ ቢያንስ አራት ሰው አሠልጥኑ፤ ከነዚህ አንዱ ኩሽና የሚሠራ ይሁን። ከሥልጠናው ሁሉ ከባዱ መውጋቱ አይደለም፣ ማወቁ ነው።

አናፊላክሲስ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ሰውዬው አንድ ነገር በልቶ ወይም ተነድፎ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ሁለት የሰውነት ክፍል አንድ ላይ ሲታወክ፤ ለምሳሌ ሽፍታ ከማስታወክ ጋር፣ የከንፈር እብጠት ከሳል ጋር። ወይም ደግሞ አለርጂ እንዳለበት የሚያውቀውን ነገር ነክቶ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ከገረጣና ካዞረው ያ ብቻውን ይበቃል፤ ቆዳው ላይ ምንም ባይታይም። ከአስር አንድ ወይም ሁለት በሽተኛ ቆዳው ንጹሕ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላት ጎልቶ አይታይም፤ የሥልጠና ፎቶዎቹ አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሱ ናቸው፣ በነሱ አትመሩ። እብጠቱን በጣት ዳስሱ፣ የዐይን ቆብና ከንፈር እዩ፣ መዳፉን ያሳክከው እንደሆነ ጠይቁ። ትንሽ ልጅ «ጉሮሮዬ ጠበበ» አይልም፤ ምላሱን ይጎትታል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ድንገት ዝም ይላል።

መውጊያው። ኢፒፔንን ከመያዣው አውጥታችሁ በጭብጥ ያዙት፤ ብርቱካናማው ጫፍ ወደ ታች፣ ሰማያዊው ክዳን ወደ ላይ። አውራ ጣታችሁ በየትኛውም ጫፍ ላይ አይረፍ። ሰማያዊውን ክዳን ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ብርቱካናማውን ጫፍ በጭን ውጫዊ ጎን፣ ከዳሌና ከጉልበት መሐል፣ ቀጭ እስኪል ተጭናችሁ 3 ሰከንድ ያዙ። አውቪ-ኪው 2 ሰከንድ ይበቃዋል። ሌሎች ሥሪቶች የተለየ ሰከንድ አላቸው፤ ልዩነቱ መሣሪያው አካል ላይ ተጽፏል፣ የያዛችሁትን አስቀድማችሁ አንብቡ። በሱሪ ላይ ይወጋል፣ በነጠላና በቀሚስ ላይም ይወጋል፤ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክና ቁልፍ፣ ወፍራም ስፌት ግን ይራቅ። መቀመጫ ላይ፣ ክንድ ላይ፣ ደም ሥር ላይ አይወጋም።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ተገልብጦ ይያዝና የወጊው አውራ ጣት ይወጋል። በሽተኛው መድኃኒት አያገኝም፣ የተወጋው ጣትም ሐኪም ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ሰማያዊው ክዳን ሳይነሳ ይገፋል፤ ምንም አይወጣም፣ «ተበላሽቷል» ተብሎ ይጣላል። ሦስተኛ፣ ልጅ ይራገጥና መርፌው ቆዳውን ይሰነጥቃል ወይም ይጣመማል፤ ስለዚህ ልጁን አንድ ሰው አቅፎ እግሩን አጥብቆ ይይዛል። አራተኛው የሚገርም ነው፦ ኢፒፔን ውስጥ ያለው ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን የሚሰጠው 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከተወጋ በኋላ መሣሪያው ውስጥ ፈሳሽ ስለሚቀር ሰዎች መድኃኒቱ አልገባም ብለው በዚያው ሊደግሙ ይሞክራሉ። ብርቱካናማው ጫፍ ተስቦ መርፌውን ከሸፈነ ገብቷል፤ የቀረው ፈሳሽ አይሠራም።

ከዚያ 911። «አናፊላክሲስ፣ ኢፒነፍሪን ተሰጥቷል» በሉ። እንግሊዝኛ ካስቸገረ «አምሃሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አድራሻውን ግን በእንግሊዝኛ ሳጥኑ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ አዳራሹ ስንት በር እንዳለውና አምቡላንስ በየትኛው እንደሚገባም ጭምር። በሽተኛው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል። ትንፋሽ ካጠረው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፤ ካስታወከው በጎኑ ይተኛ፤ ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ። የእኛ ሰው ሲያመው ደግፈን እናቆመዋለን፣ አየር ይንካው ብለን ወደ ውጭ እናስኬደዋለን። ይህን አታድርጉ። ግፊቱ የወረደ ሰው በድንገት ሲቆም ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንስና በዚያው ሊወድቅ ይችላል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛውን መርፌ በሌላው መሣሪያ ስጡ።

«ልብ በሽታ ቢኖርበትስ? አረጋዊት እናት ቢሆኑስ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። የልብ መምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ መገርጣትና ፍርሃት መጠበቅ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። በአናፊላክሲስ ጊዜ ኢፒነፍሪን ፈጽሞ የሚከለከልበት ሕመም የለም። ሕጉ ወጊውን የሚጠብቀውም ለዚሁ ነው፤ አናፊላክሲስ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው ከመውጋት እንዲያመነታ ስላልተፈለገ ነው።

ስለ ምግባችን ሳንናገር አናልፍም። የአሜሪካ ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ የሚያዘው ዘጠኝ አለርጂ አስነሺዎችን ነው፤ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ የተጨመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች ማሽናቸውን ከሰሊጥ ከማጽዳት ይልቅ ሆን ብለው ሰሊጥ ጨምረው መለያው ላይ መጻፍ ጀመሩ፤ ለዓመታት የገዛችሁት ዳቦ ዛሬ ሰሊጥ ሊኖረው ይችላል። ግብጦ ከኦቾሎኒ ጋር ዘመድ ነው፤ በኦቾሎኒ የሚቆጣ ሰው በግብጦም ሊቆጣ ይችላል። የአውሮፓ ሕብረት ግብጦ እንዲጻፍ ያዛል፣ አሜሪካ አታዝም። አብሽም በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒና ሱፍ ተቀላቅሎ በአንድ ሳህን ሲዞር፣ ኦቾሎኒውን ለቅሞ መተው አያድንም። በሻንጣ የመጣ በርበሬና ሽሮ መለያ የለውም፤ ያዘጋጀችው እናት ካልነገረች ማንም አያውቅም።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላለን ደግሞ ሌላ አለ። ሎን ስታር የሚባለው መዥገር የነከሰው ሰው ለበሬ፣ ለበግና ለፍየል ሥጋ አለርጂ ሊያዝ ይችላል፤ አልፋ-ጋል ይባላል። አንዳንዶቹን ቅቤና ወተትም ያስቆጣቸዋል። ዶሮና ዓሣ አይነካቸውም። ክፋቱ ሕመሙ የሚመጣው ከተበላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ዘግይቶ መሆኑ ነው። የፋሲካ ሌሊት ጾም ተፈቶ በግ የበላ ሰው ንጋት ላይ ሽፍታና ማስታወክ ሲይዘው ሁሉም «ጾም ከርሞ ሆዱ ደንግጦ ነው» ይላል። ያ ሰው መዥገር ነክሶት እንደሆነ ጠይቁት።

ሕጉ ከመሣሪያው ኋላ የቀረበት ቦታም አለ። ነፊ የተባለው በአፍንጫ የሚነፋ ኢፒነፍሪን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ተፈቅዷል፤ 30 ኪሎና በላይ ለሆነ 2 ሚሊግራም፣ በ2025 ደግሞ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ላሉ 1 ሚሊግራም ተጨመረ። መርፌ ለሚፈራ ሰውና ሙቀት ለበዛበት አዳራሽ ይመቻል። ነገር ግን የብዙ ስቴቶች የቆዩ ሕጎች «አውቶ-ኢንጀክተር» ብለው ስለጻፉ በድርጅት ስም ማዘዝ የተፈቀደው መርፌው ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ስቴቶች ቃሉን አስፍተውታል። የእናንተ ስቴት እስኪያሰፋ መርፌውን አትተዉ።

ወደ አገር ቤት ለምትሄዱ፦ መርፌዎቹን ከነማዘዣ መለያቸው በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን፤ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር። እዚያ ተተኪ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ ከሁለት በላይ ያዙ። ክሊኒክ የምታገኙት 1 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ሊትር የሆነ የብርጭቆ አምፑል ነው፤ ባለሙያ በስሪንጅ ቀድቶ ጭን ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋዋል፤ ለአዋቂ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሊትር።

ከተጠቀማችሁ በኋላ የተወጋበትን ሰዓት ጻፉ፣ የተጠቀማችሁበትን መሣሪያ ለአምቡላንስ ሠራተኞች አስረክቡ። በሽተኛው ተሽሎትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰኑ ሰዓታት ያቆዩታል። አንዳንድ ስቴት ድርጅቱ ለጤና ቢሮ ሪፖርት እንዲያደርግ ያዛል፤ ቅጹን ዛሬ አትማችሁ ሳጥኑ ውስጥ አኑሩት። ተተኪውን በማግሥቱ እዘዙ። እስኪመጣ ድረስ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ለጥፉበት፤ ሮጦ የሚመጣው ሰው ሳይከፍተው በቀጥታ 911 እንዲደውል።